የአምስት ደቂቃ ፍሬን

በየቤተሰቡ አንድ «የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት» የሚል ሰው አለ። በእኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ ዙሪያችሁን በደንብ አላያችሁም፤ ወይም ደግሞ ሰውዬው እናንተው ናችሁ። ይህ ሰው የተበላሸ ነገር ሲያይ ፊቱ ይበራል። ባለሙያ ይጠራ ከተባለ እንደተሰደበ ይቆጥረዋል። እጅጌውን ይጠቀልላል፣ ዕቃውን ይፈታታል፣ ብሎኖቹን በሰሐን ላይ ይደረድራል። ሥራው ሲያልቅ ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፋል። «ይቺ ድሮም አታስፈልግም ነበር» ይልና ኪሱ ይከታታል።

የእኛ ቤት ባለ አምስት ደቂቃ አጎቴ ናቸው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። ሠላሳ ዓመት የውኃ ቧንቧ ሲዘረጉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሰፈሩ «ጋሽ አምስት ደቂቃ» ይላቸዋል። እኔ በልቤ «ክቡር አምስት ደቂቃ» እላቸዋለሁ፤ ፊት ለፊት ግን ጋሼ ናቸው። የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ እሳቸው በፊተኛው ቤት፣ እኔና እናቴ በኋለኛው። ስለዚህ ክቡርነታቸው የሚሠሩት ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚሞከረው በእኛ ላይ ነው።

የመታጠቢያ ቤታችንን መብራት የጠገኑት እሳቸው ናቸው። መብራቱ ይበራል፤ የሚበራው ግን ከእሳቸው ሳሎን ነው። ገላዬን መታጠብ ስፈልግ ፎጣዬን ይዤ ግቢው መሐል እቆምና «ጋሼ፣ ልታጠብ ነው!» ብዬ ለሰፈሩ አውጃለሁ። ከእኛ ዝቅ ብላ ለምትኖረው ልብስ ሰፊ ደግሞ በር ገጥመውላታል። በሩ ይከፈታል፤ ግን የስፌት መኪናዋን እስኪነካ ድረስ ብቻ። ወፈር ያሉ ደንበኞቿ ከዚያን ጊዜ ወዲህ የሚለኩት በመስኮት በኩል ነው።

አንድ ነገራቸው ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል። መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ባልዲ ያስቀምጣሉ። «አንዲት ጠብታ አትወድቅም!» እያሉ ባልዲውን በእግራቸው ገፋ አድርገው ከቧንቧው ሥር ያስገቡታል።

«ጋሼ፣ ጠብታ ካልወደቀ ባልዲው ለምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

«የት ይቀመጥ ታዲያ? ራስሽ ላይ?»

ከዚያ ደግሞ ደረጃው አለ። ስለ ደረጃው መጻፍ አልፈልግም ነበር፤ ግን ያለ እሱ ቀሪው አይገባችሁም። የቤታችን መግቢያ ደረጃ ተሸራርፎ ስለነበር አጎቴ አንድ ቀን ጠዋት ስሚንቶ ይዘው መጡ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት አሉ፤ እውነትም ቶሎ ጨረሱት። ሦስት ወር ቆመ። በአራተኛው ወር እናቴ ልብስ የሞላ ሳፋ ተሸክማ ስትወርድ ደረጃው ከመሐሉ ለሁለት ተሰነጠቀ። እናቴ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ከጭኗ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ በጀሶ ታሰረች።

«ሳላይ የረገጥኩት እኔ ነኝ» አለች እናቴ፣ ገና በቃሬዛ ላይ እያለች። አጎቴ በማግስቱ ስብርባሪውን በመዶሻ አድቅቀው፣ በጆንያ ሞልተው አውጥተው ጣሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ደረጃው አንድም ቃል አልተነፈሱም። እኔም አልተናገርኳቸውም፤ ግን በልቤ ይዤባቸው ነበር።

ጀሶው የሚፈታው ዓርብ ቀን ነው ተባለ። ሐኪም ቤቱ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። የእናቴ እግር አይታጠፍም፤ ታክሲ ውስጥ ብናስገባት እግሯ በመስኮት ይወጣል። ምን እናድርግ ብለን ስናወራ አጎቴ በራችን ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር።

«ፒካፗ አለች አይደል እንዴ!» አሉ።

ፒካፗ ከእኔ በሃያ ዓመት ትበልጣለች። በአንድ ወቅት አረንጓዴ ነበረች ይባላል። አራት ዓመት ሙሉ ከግቢያችን ቆርቆሮ ጥላ ሥር ንቅንቅ ብላ አታውቅም። ጋቢናዋ ውስጥ ያለው ወንበር እንደ አግዳሚ ከበር እስከ በር አንድ ወጥ ስለሆነ ለተዘረጋ እግር የተሠራ ይመስላል። ሞተሯ ይነሳል። የፍሬን ቧንቧዎቿ ግን ዝገው በጣት ሲነኩ እንደ ብስኩት ይፈረፈራሉ።

«ታች አስፋልቱ ዳር መካኒክ አለ እኮ» አልኩ።

«ያ ልጅ?» አሉ አጎቴ። ያ ልጅ የሚሉት መካኒክ አርባ ዓመቱ ነው፤ ጸጉሩም አልቋል። «ያ ልጅ አንዲት ካንዴላ ለመንቀል ሁለት ቀን የሚፈጅ! ደግሞስ ስሙ ምንድን ነው የዚህ ነገር?»

«የፍሬን ቧንቧ።»

«ቧንቧ!» እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «ሰማሽ እህቴ? ቧንቧ ነው! ለእኔ! የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት!»

«ወንድሜ ካለ አለ ነው» አለች እናቴ።

የዚያ ዘመን መኪና ፍሬን አንድ ወጥ ነው፤ ዘይቱ ከአንድ ቦታ ተነስቶ በቧንቧ ወደ አራቱም ጎማዎች ይሄዳል። አንዱ ቧንቧ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። የእጅ ፍሬኗ ሽቦ ተበጥሶ ከቀረ ቆይቷል። መንገዳችን ደግሞ ከበራችን ጀምሮ ቁልቁል ነው፤ ሳይታጠፍ፣ ሳያርፍ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ አውቶቡስ የሚመላለስበት አስፋልት ላይ ይወድቃል። በልጅነቴ ያመለጠኝ ኳስ ሁሉ ያለቀው አውቶቡስ ሥር ነው። ሌላ ሰው ፍሬን ቢከዳው በሩን ከፍቶ ይዘላል። እናቴ መዝለል አትችልም።

ቅዳሜ ሥራው ተጀመረ። አጎቴ ጠዋት ወጣ ብለው ተመለሱ። ከዚያ ጎማዎቹን በታኮ አስያዙ፣ በክሪክ አነሷት፣ ሥሯ ገቡ። አሮጌዎቹን ቧንቧዎች ነቅለው አወጡ። አዲሱን ቧንቧ በቀለም ቆርቆሮ ዙሪያ እየለመጡ፣ ከአሮጌው ጋር እያስተያዩ፣ እያፏጩ ቅርጽ አስያዙት። እጃቸው ላይ ሲታይ ያምራል፤ ይህን አልክድም። መጋጠሚያዎቹን ሊያስሩ ሲሉ ከኪሳቸው ያቺን ነጭ ቴፕ አወጡ፤ የውኃ ቧንቧ ሲገጥሙ ሁልጊዜ ጫፉ ላይ ባለው ጥምዝ ክር ላይ የሚጠመጥሟትን። በየክሩ ላይ ሦስት ሦስት ዙር ጠመጠሙ።

«ይቺ ካለች ጠብታ አታልፍም» አሉኝ።

ሰኞ ከቧንቧው ውስጥ አየር ማስወጣት ነበረብን። ይህ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ጋቢና ተቀምጦ ፍሬን ይረግጣል፤ ሌላው በጎማው በኩል ትንሿን ብሎን ከፍቶ አረፋ የቀላቀለው ዘይት ሲወጣ ያያል። እኔ ረጋጭ ሆኜ ተሾምኩ።

«ርገጪ!»

ረገጥኩ።

«ያዢ! ያዢ! እንዳትለቂ!»

«ይዣለሁ!»

«ልቀቂ! ቀስ ብለሽ! ዶሮ ነው እንዴ የምታባርሪው?»

ከኋለኛው ጎማ ጀምረን አራቱንም እንዲህ ዞርናቸው። አረፋው አለቀ፤ መርገጫው ጠነከረ። አጎቴ ከሥር ሆነው «አላልኩሽም!» አሉ። እኔ ግን እግሬን አላነሳሁም። እንደያዝኩት ቆየሁ። መርገጫው በጣም ቀስ ብሎ፣ የሚተኛ ሰው ዓይን እንደሚከደነው፣ ከእግሬ ሥር ወረደ።

«ጋሼ፣ እየሰመጠ ነው።»

«ምኑ?»

«መርገጫው። ጉልበት ሳልጨምርበት እየወረደ ነው።»

«እግርሽ ነው የከበደው! ሌሊቱን ሙሉ መጽሐፍ ላይ ተጎልተሽ እያደርሽ ደሙ ሁሉ እግርሽ ውስጥ ተጠራቅሞ ነው።»

ከዚያ በኋላ ከመኪናዋ ሥር ድምፅ ጠፋ። መፍቻውም አይሰማ፣ ፉጨቱም አይሰማ። ክቡርነታቸው ሲፎክሩ እስቃለሁ፤ ሲጮሁ እለምደዋለሁ፤ ዝም ሲሉ ግን እፈራለሁ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሙከራ አሉ። እኔ ሳልጠየቅ ገብቼ ጋቢና ተቀመጥኩ። እናቴ ዓርብ የምትሄድበት መኪና ከሆነ መጀመሪያ እኔ ልሂድበት ብዬ ነው። አጎቴ አየት አደረጉኝና አስነሱ። በሩን አልፈን ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆምን። ፍሬኑን ሦስት ጊዜ ረገጡት፤ ያዘ። እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ወደ ታች ወደ አስፋልቱ ተመለከቱ። አንድ አውቶቡስ አለፈ። ሌላ አለፈ።

«ውረጂ እስቲ» አሉኝ።

«ለምን?»

«ከኋላ ሆነሽ የፍሬኑ መብራት መብራቱን እዪልኝ።»

«ስንመለስ አያለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሥራ ላይ ክርክር የለም! ውረጂ፣ የአምስት ደቂቃ ነገር ነው!»

ወረድኩ። ከኋላ ዞሬ ቆምኩ። ፒካፗ ቀስ ብላ መንቀሳቀስ ጀመረች። መብራቱን ለማየት ጎንበስ አልኩ።

መብራት የለም። በስተቀኝም በስተግራም ያሉት የመብራት ቤቶች ባዶ ናቸው። አምፖል ቀርቶ መስታወት እንኳ የላቸውም፤ በአንዱ ውስጥ ወፍ ጭራሮ ሰብስባበታለች። ይህን ደግሞ እኔ ብረሳው አጎቴ አይረሱትም፤ አምፖሎቹን ነቅለው ለበረንዳቸው ያደረጉት ራሳቸው ናቸው።

«ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። «ጋሼ፣ ይቁሙ!»

ሲጀምሩ ፍሬኑ ያዘ፤ መኪናዋ ጎንበስ ብላ ቀና አለች። ትንሽ ወረዱ፤ ደግመው ያዙ። የልብስ ሰፊዋ ቤት ጋ ሲደርሱ ለሦስተኛ ጊዜ ረገጡ መሰለኝ። መኪናዋ ጎንበስ አላለችም። ሞተሯ ማርሽ ሲቀየርባት እንደተረገጠች ድመት ጮኸች። ጥሩምባው ሳያቋርጥ ይነፋ ጀመር። ልብስ ሰፊዋ ክር በጥርሷ እንደያዘች ብቅ አለች። ከታች አስፋልቱ ላይ አውቶቡስ ቆሞ ሰው ያወርዳል። እግሬ እየሮጠ ነበር፤ እኔ ግን የማየው የእናቴን እግር ነው፤ ነጩን ጀሶ፣ በአግዳሚው ወንበር ላይ እንደተዘረጋ።

አስፋልቱ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው መሪው ወደ ግራ ተጠመዘዘ። እዚያ ጥግ ላይ አጥር የሚሠራ ግንበኛ ነበር፤ አሸዋው ተከምሯል። ፒካፗ እስከ ግንባሯ ድረስ አሸዋው ውስጥ ገባች። አቧራ ተነሳ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ደርሼ በሩን ከፈትኩ። አጎቴ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ እንዳደረጉ ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸው ወድቋል፤ ቅንድባቸው ላይ አሸዋ አለ። ዞር ብለው አዩኝ።

«መብራቱ በራ?» አሉ።

«በርቷል ጋሼ» አልኳቸው።

ሰው ተሰበሰበ። ልብስ ሰፊዋ ደረቷን እየመታች «አሸዋው እዚህ ባይኖር ኖሮ! እግዜር ነው ያስቀመጠው! እግዜር ነው እንጂ!» ትላለች። ግንበኛው አካፋውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። አንድ ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ግን ልብስ ሰፊዋ ስትናገር መሐል መግባት አይቻልም። አንድ የጭነት መኪና ፒካፗን በገመድ ጎትቶ አወጣልን። አጎቴ ወደ ቤት ከመመለሳቸው በፊት የግንበኛውን አካፋ ተቀብለው የተበተነውን አሸዋ መልሰው ከመሩት። ላባቸው እስኪንጠባጠብ፣ ልክ እንደነበረው፣ እዚያው ቦታ ላይ። «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ጥሩምባውን ሰምታ ነበር።

«ምንድን ነው የጮኸው?»

«ፍሬኗን ስሞክር ነው» አሉ አጎቴ፣ በሩ ላይ ቆመው።

«ያዘ?»

የተናገሩትን ቃል እኔ ከእሳቸው አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«አልያዘም።»

«እና ዓርብ?» አለች እናቴ።

«ዓርብ ይይዛል።»

ከሰዓት በኋላ አንድ ቧንቧ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ለዚያ ልጅ አሳዪው። የማን ነው ካለሽ የአንድ ሰው ነው በይው።»

መካኒኩ ጋዜጣውን ፈታ። ነጩን ቴፕ በጥፍሩ ላጥ አድርጎ ወደ ብርሃን አነሳው።

«የማን ነው?»

«የአንድ ሰው።»

«ይሄ አንድ ሰው ጋሽ አምስት ደቂቃ ይባላል?»

ወደ ጫማዬ አየሁ።

«እኅቴ፣ ለአንድ ሰው እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ። ውኃ የሚያዘው በክሩ ነው። ፍሬን የሚያዘው በአፉ ነው። የቧንቧው አፍ መቀመጫው ላይ ብረት ለብረት ካልገጠመ፣ ክሩ ላይ ምን ብትጠመጥሚ ዋጋ የለውም። እንዲያውም ይሄ ቴፕ ነው ጥርቅም ብሎ እንዳይገባ የከለከለው።» ጫፉን አሳየኝ። «አፉንም እይው፤ አንዴ ብቻ ነው የታጠፈው። ሁለቴ መታጠፍ አለበት፤ ለዚያ የራሱ መሣሪያ አለው።» ከዚያ ቀልዱን ተወ። «የቤት ውኃ ቢያንጠባጥብ ባልዲ ታስቀምጪያለሽ። ይሄ ሲያፈስ ምን ታስቀምጪለታለሽ?»

የእናቴን እግርና የዓርቡን ቀጠሮ ነገርኩት። መሣሪያውን በጨርቅ ጠቀለለና ተነስቶ ተከተለኝ።

ረቡዕና ሐሙስ ከፒካፗ ሥር አራት እግር ወጥቶ ዋለ። ምሳም እዚያው ሥሯ ነው የበሉት።

«ጋሼ፣ እሱን አይንኩት» ይላል መካኒኩ።

«አንተ ስትወለድ ቧንቧ እየለመጥኩ ነበር!»

«ይሁን፤ አሁን ግን ያንን ቴፕ ኪስዎ ይክተቱት።»

«ወጣ እኮ! የታል ቴፕ?»

«ጆሮዎ ላይ ተንጠልጥሏል።»

አየሩን እንደገና አወጣን፤ ሁለት ጊዜ ዞርነው። መርገጫውን መካኒኩ እስከ ሁለት መቶ እየቆጠረ አስያዘኝ። አልሰመጠም። ሐሙስ ከሰዓት አጎቴ ጋቢናው ውስጥ እናቴ በምትቀመጥበት በኩል ድንጋይ የሞላ ጆንያ ጭነው ብቻቸውን ቁልቁለቱን ወረዱ። ተመለሱ። ደግመው ወረዱ። ስምንት ጊዜ ቆጠርኩ። በነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ «አምስት ደቂቃ» የሚለውን ቃል አንድም ጊዜ ከአፋቸው አልሰማሁም።

ዓርብ ጠዋት እናቴን ለሦስት ተሸክመን አገባናት። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ እግሯን በአግዳሚው ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። የእግሯ ጣቶች የአጎቴን ጭን ይነኩ ነበር። እኔ ክራንቿን ይዤ ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጣሁ።

«ይይዛል?» ስትል ሰማሁ።

«ይይዛል።»

ቁልቁለቱን መውረድ ጀመርን። እንዲህ ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና አይቼ አላውቅም፤ ልብስ ሰፊዋ ከጎናችን በእግሯ እየሄደች «አይዞሽ!» ትላለች። የጭነቱን ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር። ፍሬኑ ያዘ። ለቀቀ። ያዘ። ማክሰኞ ያልያዘበት ቦታ ላይ ስንደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። መኪናዋ ጎንበስ ብላ ቀና አለች። አስፋልቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ ቀጥ ብላ ቆመች፤ አውቶቡሶች በተከታታይ በፊታችን ያልፉ ነበር። እናቴ ስለ ሽንኩርት ታወራለች። መቆማችንን እንኳ ያወቀች አትመስልም።

ተራችንን ስንጠብቅ ግንበኛው ወደ ጭነቱ ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኅቴ፣ እባክሽ ለጋሽ አምስት ደቂቃ ንገሪልኝ። አሸዋዬን መቼ ነው የሚለቁልኝ?»

«የቱን አሸዋ?»

«ይሄንን ነዋ! ቅዳሜ ማለዳ መጡና ከዚያ ጥግ ወደዚህ አዙረን ከመርነው። እሳቸውም አብረውኝ አካፋ ይዘው። ‹አንድ ሥራ ልጀምር ነው፤ አምስት ደቂቃ እዚህ ይቀመጥልኝ› አሉኝ። ዛሬ ዓርብ ነው! ግንቡን የምሠራው ከጀርባው እንደ አይጥ እየቆፈርኩ ነው።»

ቅዳሜ ማለዳ። አንዲት ብሎን ሳትፈታ፣ አንዲት ጠብታ አትወድቅም እያሉ፣ ሄደው ባልዲያቸውን አስቀምጠዋል።

በኋለኛው መስታወት በኩል አየሁ። አሸዋ ያልለቀቀው አንገታቸው፣ መሪውን የጨበጡት እጆቻቸው፣ ጭናቸው ላይ ያረፉት የእናቴ ጣቶች ይታያሉ። የመጨረሻው አውቶቡስ አለፈ። ፒካፗ መንቀሳቀስ ጀመረች። ግንበኛው ከጎን እየተራመደ መልስ ይጠብቃል።

«እሺ፣ ምን ልሁን?» አለኝ።

«እስክንመለስ ይቆይ» አልኩት። «አምስት ደቂቃ ነው።»